ቀለሙ የተፋቀ ዜማ፦ ላንከም የአየርላንድን አሮጌ ዘፈኖች ለምን እንዲህ ይዘፍናል?

አየርላንድ ውስጥ መጠጥ ቤት የገባ እንግዳ «ዘ ዋይልድ ሮቨር» የተባለውን ዘፈን ሳይሰማ አይወጣም ማለት ይቻላል። አዝማቹ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ይመታል፤ ዘፈኑን የማያውቀውም አብሮ ይጮኻል። ግጥሙን ረጋ ብሎ ላዳመጠ ግን ነገሩ የጭብጨባ አይደለም። ዕድሜውን በመንከራተት፣ ገንዘቡን በመጠጥ የጨረሰ ሰው ይተርካል። ዱቤ ሲጠይቅ ባለ መጠጥ ቤቷ ፊት ትነሳዋለች። ሳንቲም ከኪሱ ሲያወጣ ደግሞ ያለኝን ምርጥ መጠጥ ላቅርብልህ ትለዋለች። በመጨረሻ እንደ ወንጌሉ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ወደ አባት እናቱ ቤት ተመልሶ ይቅርታ ሊለምን ያስባል።

ላንከም የተባለው የደብሊን ባንድ በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው «ዘ ሊቭሎንግ ዴይ» በተሰኘው አልበም መክፈቻ ላይ ያስቀመጠው ይኸንኑ ዘፈን ነው። ጭብጨባው የለም፤ ፍጥነቱም የለም። የራዲ ፒት ድምፅ፣ ሳይሽሞነሞንና ሳይለሰልስ፣ እያንዳንዱን ስንኝ እየጎተተ ይወጣል። ከሥሩ አንድ የማያቋርጥ ጎርናና ድምፅ ቀስ በቀስ ያብጣል። ዘፈኑ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ሲያልቅ የሚሰማው ሙዚቃ ሳይሆን የሚፈርስ ቤት ጉርምርምታ ይመስላል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ያንኑ የመጠጥ ቤት ዘፈን መሆኑን ለማመን ግጥሙን ደግሜ ማዳመጥ ነበረብኝ። ስንኙ እዚህም እዚያም ቢለያይ ታሪኩ ያው ነው። ትልቁ ለውጥ አዳማጩ ከማጨብጨብ መከልከሉ ነው።

ስለዚህ ባንድ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «ባሕላዊውን ከዘመናዊ ማኅበራዊ ጉዳዮች ጋር ያዋሃደ» ይባላል። አነጋገሩ ስሕተት ባይሆንም አቅጣጫ ያስታል። አሮጌ ዜማ ተወስዶ የዛሬ መልእክት የተለጠፈበት ያስመስለዋልና። በእኔ ግምት ላንከም የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። መልእክቱ ድሮም እዘፈኑ ውስጥ ነበረ፤ ድህነቱ፣ ስደቱ፣ የተገፋችው ሴት፣ ያልተከፈለው ሠራተኛ ሁሉ እዚያው ነበሩ። እነሱ የሚያደርጉት ከላይ የተቀባውን ቀለም መፋቅ ነው።

አራት ናቸው። ኢየን ሊንችና ዳራ ሊንች ወንድማማቾች ናቸው፤ ራዲ ፒት እና ኮርማክ ማክ ዲያርማዳ ከእነሱ ጋር ይጫወታሉ፤ አራቱም ይዘፍናሉ። ወንድማማቾቹ ከፓንክ ሙዚቃ የመጡ የደብሊን ልጆች ሲሆኑ፣ ኢየን ደግሞ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፎክሎር አጥንቶ በአየርላንድ ባሕላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት የሠራ፣ የድሮ ቅጂዎችን እያወጣ የሚተነትንበት «ፋየር ድሮው ኒር» የተሰኘ ፖድካስት ያለው ሰው ነው። ይህን ማወቅ ሥራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። ዘፈኑን ከመድረክ ሳይሆን ከምንጩ፣ ከአሮጌ ቴፕ ላይ የሚሰሙ ሰዎች ናቸው፤ አሮጌው ቴፕ ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ ዘፈን ይልቅ ሻካራ ነው።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ፣ ለጆሯችን ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ኢሊን ፓይፕስ የተባለው ባለ ከረጢት የአየርላንድ መሣሪያ እንደ ስኮትላንዱ በአፍ አይነፋም፤ ተጫዋቹ ተቀምጦ ወናፉን በክርኑ እየተጫነ አየር ይሰጠዋል። ዜማውን ከሚያወጣው ዋሽንት ጎን አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው የሚያጉረመርሙ ሌሎች ቱቦዎች አሉት። ላንከም ይህን ጉርምርምታ ከዳር አምጥቶ መሐል አስቀመጠው። ሃርሞኒየሙ፣ ኮንሰርቲናው፣ ትልቁ አኮርዲዮን፣ የቫዮሊኑ ጎርናና አውታር ሁሉ አንድ ላይ ያንኑ ይይዛሉ። ፕሮዲዩሰራቸው ጆን መርፊ፣ በቅጽል ስሙ «ስፐድ»፣ ድምፁን ደረት ላይ እስኪሰማ ድረስ ያወፍረዋል። በገና ሲደረደር አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የእንዚራውን ንዝረት ያውቀዋል፤ ቃሉ በዚያ ንዝረት ላይ ተደግፎ ሲመጣ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። የላንከምም ግጥም እንደዚያ ይመጣል፤ የበገናው ንዝረት ወደ ጸሎት ሲመራ የእነሱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፍርሃት ይወስዳል።

ቀለሙን ማን ቀባው የሚለው ጥያቄ ወደ አገሪቱ ታሪክ ይወስደናል። አየርላንድ በ1922 ከብሪታንያ አገዛዝ ስትወጣ አዲሱ መንግሥት ለዓለም የሚያሳየው ንጹሕ፣ ገጠሬ፣ ሃይማኖተኛ መልክ ፈለገ። ካህናቱም መንግሥቱም ያለ ተቆጣጣሪ የሚደረግን ጭፈራ አልወደዱትም፤ በ1935 የወጣው ሕግ ፈቃድ የሌለውን የሕዝብ ጭፈራ ከለከለ፣ በገጠር ማድ ቤቶች ውስጥ ይደረግ የነበረውም ጨዋታ ተመታ። በ1951 የተቋቋመው ትልቁ የባሕል ሙዚቃ ማኅበር ብዙ ያዳነ ቢሆንም በውድድርና በሽልማት ሥርዓቱ «ትክክለኛ» አጨዋወት የሚባል ነገርም አመጣ። ከዚያ በ1960ዎቹ የደብሊነርስና የቺፍቴንስ ባንዶች ዘመን መጣ፤ ቱሪዝሙም ተከተለ። እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ያለ ደብሊነርሱ ዘፋኝ ሉክ ኬሊ ድምፅ ዛሬ ላንከም ባልኖረም ነበር። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ዘፈኑ የአረንጓዴ ኮፍያና የቢራ ማጀቢያ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀሩ ነበሩ። የአየርላንድ ትራቭለርስ፣ ማለትም «ተጓዦቹ»፣ ቆርቆሮ እየሠሩ፣ ፈረስ እየነገዱ፣ ከመንደር መንደር በጋሪ ይዞሩ የነበሩ ሕዝብ ናቸው። በሪፐብሊኩ በ2022ቱ ቆጠራ 33 ሺህ ገደማ ሆነው ተመዝግበዋል። ዛሬም ከሥራ፣ ከቤት፣ ከመጠጥ ቤት በር ሳይቀር ይገፋሉ። መንግሥት ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆናቸውን ያወቀላቸው በመጋቢት 2017 ነው። ሌላው ሕዝብ የረሳቸውን የመቶ ዓመታት ተራኪ ዘፈኖች በቃላቸው ይዘው የቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

ከእነሱ አንዱ ጆን ራይሊ ነበር። በ1960ዎቹ ቶም መኔሊ የተባለ ዘፈን ሰብሳቢ በሮስኮመን አውራጃ በምትገኘው ቦይል ከተማ አገኘውና ቀዳው። ሊቃውንቱ ከአፍ ጠፍተዋል ያሏቸው ዘፈኖች በዚህ ምስኪን ሰው አንደበት ሕያው ሆነው ተገኙ። ራይሊ በ1969 በድህነት እንዳለ፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜው አረፈ። ከእሱ የተወሰዱት ዘፈኖች ግን በነክሪስቲ ሙርና በፕላንክስቲ ባንድ በኩል አገር አዳረሱ። የቀዳቸው አንዱ ዘፈን «ፎልስ ላንከም» ይባላል፤ «ከዳተኛው ላንከም» እንደ ማለት ነው። ባንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ ነው።

ስሙን የወሰደበት ምክንያት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። መጀመሪያ በወንድማማቾቹ የአባት ስም ላይ ተጫውተው «ሊንችድ» ተባሉ፤ በ2014 የወጣው የመጀመሪያው አልበም «ኮልድ ኦልድ ፋየር» በዚሁ ስም ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ በመንጋ ፍርድ ተሰቅሎ መገደልን ያመለክታል፤ በአሜሪካ ደግሞ የጥቁሮች ደም ያለበት ቃል ነው። ዝናቸው እያደገ በነበረበት በ2016፣ ጥቁሮች በአሜሪካ መገደላቸው ሳያበቃ በዚህ ስም መቀጠል አንችልም ብለው ለወጡት። የገበያ ሰው ቢጠየቅ የታወቀ ስም አይጣልም ይል ነበር። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። አንዱን የተገፋ ሕዝብ ሕመም የሚነካ ስም ትተው፣ በገዛ አገራቸው የተገፋ ሕዝብ ልጅ ካቆየው ዘፈን ውስጥ አዲሱን ስም አገኙ።

እዚህ ላይ ግን የሚቆረቁር ነገር አለ፤ አልፎት መሄድ ተገቢ አይመስለኝም። ከትራቭለርስ አፍ የተወሰደ ዘፈን ሽልማት ሲያገኝ ሸላሚውም ተሸላሚውም ብዙ ጊዜ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ላንከም በ2017ቱ «ቢትዊን ዘ ኧርዝ ኤንድ ስካይ» አልበሙ ገንዘብ ሲያልቅብን ምን እንሆናለን እያለ የሚጠይቅ ዘፈን አለው፤ የተማሩት ከማየት ከተሳናት የትራቭለር ዘፋኝ ከሜሪ ዲሌኒ ቅጂ ነው። ምንጩን በግልጽ ይናገራሉ፣ ስሟን ይጠራሉ፤ ይህ ከብዙዎች የተሻለ ነው። ሆኖም ዘፈኑ የኮንሰርት አዳራሽ ሲገባ የዘፋኟ ዘመዶች ዛሬም ከመንገድ ዳር ይነሳሉ። ባንዱ ብቻውን የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፤ አዳማጩ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ባንዱን በአንድ ዘፈን ብቻ አስረዳ ብባል የምመርጠው «ሃንቲንግ ዘ ሬን» የተባለውን ነው። ኢየን ሊንች የጻፈው አዲስ ዘፈን ሲሆን በ2019ኙ አልበም ውስጥ ይገኛል። ሬን በጣም ትንሽ ወፍ ናት። በአየርላንድ በገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ወጣቶች ተሸፋፍነው ይህችን ወፍ አድነው በእንጨት ላይ ሰቅለው ከቤት ቤት እየዞሩ ለቀብሯ የሚሆን ሳንቲም የሚለምኑበት ጥንታዊ ልማድ ነበር፤ ዛሬ እውነተኛ ወፍ ባይገደልም ጨዋታው በአንዳንድ ቦታ አለ። ዘፈኑን ላይ ላዩን የሰማ ስለዚህ ልማድ የተዘፈነ ይመስለዋል።

ወርቁ ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በኪልዴር አውራጃ፣ ከራ በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የብሪታንያ ጦር ትልቅ ሰፈር ነበረው። በሰፈሩ ዙሪያ፣ በእሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ጉድጓድ ጭረው የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። ከታላቁ ረሃብ የተረፉ ወላጅ አልባዎች፣ ወታደር ፍቅረኛቸውን ተከትለው የመጡና የተካዱ፣ ሌላ መተዳደሪያ አጥተው ገላቸውን የሚሸጡ ነበሩባቸው። ሕዝቡ «የከራ ሬኖች» ይላቸው ነበር፤ የሚያድሩበትን ጉድጓድ ደግሞ «ጎጆ»። የከተማው ነጋዴ ዕቃ አይሸጥላቸውም፤ መንገድ ላይ ይደበደባሉ። በ1867 ጄምስ ግሪንውድ የተባለ የለንደን ጋዜጠኛ መጥቶ ከእነሱ ጋር ቆይቶ ጻፈ፤ ገንዘባቸውን በጋራ እንደሚያስቀምጡ፣ ሕፃናቱን በጋራ እንደሚያሳድጉ ዓለም ያወቀው በእሱ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ወፏ ማን እንደሆነች፣ አዳኞቹም እነማን እንደሆኑ ግልጽ ሆነ። ሰምና ወርቅን ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ሰሙ የልጆች የበዓል ጨዋታ ነው፤ ወርቁ አገር ሙሉ የተባበረበት የሴቶች ማሳደድ። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ አንዲት የወፍ ስም ብቻ ናት። የዘፈኑ ብርታት ደግሞ ወርቁን ጮክ ብሎ አለመፍታቱ ላይ ነው።

ይህ የ1860ዎቹ ታሪክ ለምን የዛሬ ጉዳይ ይሆናል? ማሳደዱ በብሪታንያ ጦር መውጣት ስላላበቃ ነው። ነጻ ከወጣች በኋላ አየርላንድ «የወደቁ» የተባሉ ሴቶችን መቅደላውያን ተብለው በሚጠሩ የገዳማት ልብስ ማጠቢያዎች ውስጥ አስገብታ ያለ ክፍያ አሠራች። ከ1922 ወዲህ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሴቶች ገብተውባቸዋል፤ የመጨረሻው፣ እዚያው ደብሊን መሐል ያለው፣ የተዘጋው በ1996 ነው። የላንከም አባላት በሕይወት እያሉ ማለት ነው። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2013 ነበር። በጎልዌይ አውራጃ በቱዋም ከተማ ደግሞ ያላገቡ እናቶች ተወስደው በሚወልዱበት ቤት ከ1925 እስከ 1961 የሞቱ 796 ሕፃናትን ስም ካትሪን ኮርለስ የተባለች የአካባቢው ታሪክ አጥኚ ከመዝገብ አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች፤ የመቃብር መዝገብ ግን አልነበራቸውም። በ2021 የወጣው የመርማሪ ኮሚሽን ሪፖርት በ18 እንዲህ ዓይነት ተቋማት 9 ሺህ ገደማ ሕፃናት መሞታቸውን ገለጸ። የቱዋም አጽሞችን ለማውጣት ቁፋሮው የተጀመረው በ2025 ሐምሌ ወር ነው። ይህን የሚያውቅ አየርላንዳዊ ስለ ሬኖች ሲዘፈን የሚሰማው ስለ አያቱ እኅት፣ ምናልባትም ስለ እናቱ ነው።

የ2023ቱ አልበም «ፎልስ ላንከም» የሚከፈተው ደግሞ በሙሾ ነው። «ጎ ዲግ ማይ ግሬቭ» ይባላል፤ መቃብሬን ቆፍሩ እንደ ማለት። ራዲ ፒት የተማረችው ከአሜሪካዋ የአፓላቺያ ተራሮች ዘፋኝ ከጂን ሪቺ ቅጂ ነው፤ ማለትም ስንኞቹ ከአውሮፓ ደሴቶች ከስደተኞች ጋር ውቅያኖስ ተሻግረው ኬንታኪ ደርሰው ተመልሰው መጥተዋል። ላንከም ከዘፈኑ ሥር ያስቀመጠው የአየርላንድን የጥንት የለቅሶ ሥርዓት መንፈስ ነው። በዚያ አገር አስከሬን ፊት የሚያለቅሱ፣ ግጥም የሚደረድሩ፣ የሟችን ዘር እየቆጠሩ የሚያሞግሱ አልቃሾች ነበሩ፤ ለድካማቸውም ገንዘብ ወይም መጠጥና ትንባሆ ይቀበሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሥርዓቱን ስታወግዝ ቆይታ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሙሾ አውራጅ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ለአሁኑ የደብሊን ወጣት ግን እንግዳ ነገር ነው። የዘፈኑ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ቃል ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው በመሣሪያ የሚለቀስ ለቅሶ ነው፤ አንድ ዓይነት ምት ደጋግሞ ይወርዳል፤ ደረት የሚመታ ይመስላል። በ2020 እና በ2021 ቀብር በጥቂት ሰው ብቻ እንዲፈጸም የታዘዘበት ሕዝብ ይህን ሲሰማ የጎደለበትን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሐዘን ከተነሳ፣ ዳራ ሊንች የጻፈው «ዘ ያንግ ፒፕል» የሚለው ዘፈን በራሳቸው እጅ ስለሚጠፉ ወጣቶች ነው። ዝርዝር አላበዛም። ስብከት የለበትም፤ አዝማቹ እየተደጋገመ አራቱም ድምፆች ገብተውበት ሲያልቅ ለቅሶ ቤት የተሰበሰበ ሰው መዝሙር ይመስላል።

ወደ ገንዘብና ወደ ቤት ጉዳይ ስንመጣ፣ የባንዱ መነሻ ራሱ ከቀውስ ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 2008 የአየርላንድ መንግሥት የባንኮቹን ዕዳ ተሸከመ፤ በ2010 ራሱ ወድቆ የ85 ቢሊዮን ዩሮ የማዳኛ መርሐ ግብር ውስጥ ገባ። ሥራ አጥነቱ 15 በመቶ ደረሰ፤ ወጣቱ እንደ አያቶቹ ሻንጣ ይዞ ወደ ለንደን፣ ሲድኒና ቶሮንቶ ተሰደደ። «ኮልድ ኦልድ ፋየር» የተወለደው በዚህች በደነዘዘች ደብሊን ነው፤ ያልተሰደዱት ሥራ የሌላቸው ሙዚቀኞች በሳምንቱ ቀናት መጠጥ ቤት ጥግ ተሰብስበው አሮጌ ዘፈን የሚለዋወጡበት ጊዜ።

ከዚያ ገንዘቡ ተመለሰ፤ ቤቱ ግን አልተመለሰም። ዛሬ አየርላንድ ከግዙፍ የቴክኖሎጂና የመድኃኒት ኩባንያዎች በምትሰበስበው ግብር የመንግሥት ካዝናዋ የሞላ አገር ናት። በዚያው አገር በ2025 በመንግሥት ጊዜያዊ ማደሪያ የሚያድሩ ቤት አልባ ሰዎች ከ16 ሺህ በላይ ነበሩ፤ 5 ሺህ ያህሉ ሕፃናት። ደመወዝተኛ ወጣት እስከ 30ዎቹ ዕድሜው ወላጆቹ ቤት ይኖራል። ድህነትን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ድህነት ቢዘፍን አያስገርምም፤ በጥጋብ መሐል የቤት ኪራይ ያቃተው ትውልድ ግን የ1800ዎቹን የተባረረ ገበሬ ዘፈን የራሱ አድርጎ መዘመሩ ነገሩ የት እንደደረሰ ያሳያል። የካቫኗ ዘፋኝ ሊሳ ኦኒል ማሽን ሥራውን ስለቀማው የደብሊን ወደብ ሠራተኛ ትዘፍናለች፤ የዳንዶክ ልጆች የሆኑት ሜሪ ዎሎፐርስ የሠራተኛውን ዘፈን በጨዋታና በእልህ ይጫወታሉ። ላንከም የዚህ ሰፊ እንቅስቃሴ አንድ ክንፍ ነው።

የቤቱ ጉዳይ ሙዚቃው በር ላይ ቆሞ አንኳኩቷል። በስሚዝፊልድ አደባባይ ያለው ኮብልስቶን የተባለ መጠጥ ቤት የደብሊን ባሕላዊ ሙዚቀኞች እናት ቤት ነው። በ2021 ቦታው ላይ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል ለመሥራት ማመልከቻ ገባ። ሙዚቀኞች የደብሊንን ባሕል አስከሬን ያሉትን ሣጥን ተሸክመው፣ እየተጫወቱ በከተማዋ ጎዳና ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከተማው ምክር ቤት ፈቃዱን ከለከለ። ሙዚቃ የሚጠበቀው መዝገብ ውስጥ በማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ የሚጫወቱበት ጥግ፣ የሚኖሩበት ክፍል ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ኪራይ የሃያ ዓመት ፓይፕ ተጫዋች ደብሊን ውስጥ መኖር ካልቻለ የሚቀጥለው ባንድ ከየት ይመጣል?

የባንዱ ፖለቲካ ከዘፈኑ ውጭም ይታያል። ስለ ፍልስጤም በይፋ ይናገራሉ፤ ዘረኝነትን ይቃወማሉ። በ2017ቱ አልበም በ1933 በናዚ ጀርመን የቦርገርሞር ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች የጻፉትን የረግረግ ወታደሮች መዝሙር ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ዘምረውታል። ሙዚቀኛ ሙዚቃውን ይጫወት የሚሉ አሉ። በአየርላንድ ሁኔታ ግን ይህ አስተያየት ብዙ አይቆምም። ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ሕዝቧ በረሃብ አልቆ ሌላ አንድ ሚሊዮን ሲሰደድ እህል ከወደቦቿ ወደ ውጭ ይጫን የነበረ አገር ናት፤ ዘፈኖቿ ፖለቲካ የሆኑት ዛሬ አይደለም።

ይልቅ አንገብጋቢው ክርክር ወግ የማን ነው የሚለው ነው። በኅዳር 2023 ደብሊን መሐል ሁከት ተነሥቶ አውቶቡስና ትራም ተቃጠለ፤ ስደተኛ ጠሎቹ ባንዲራ ይዘው «አየርላንድ ሞልታለች» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ባሕሉንም የራሳቸው ማድረግ ይፈልጋሉ። «ፎልስ ላንከም» ከዚያ ስምንት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበርና መልስ ሆኖ አልተጻፈም፤ ይዘቱን ያየ ግን መልሱን ያገኛል። አንዱ ዜማ በ1651 ለንደን ውስጥ ከታተመ የእንግሊዝ የጭፈራ መጽሐፍ የመጣ ነው። ሌላውን የጻፈው አሜሪካዊው ጎርደን ቦክ ነው፤ ሌላውን እንግሊዛዊው ሲሪል ቶኒ። የመክፈቻው ሙሾ ከኬንታኪ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የዘመኑ እጅግ አየርላንዳዊ አልበም ተባለ፤ የብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ የ2023 ምርጥ አልበም አለው፣ ለመርኩሪ ሽልማት ታጨ፣ በአገሩም ትልቁን የዓመቱን አልበም ሽልማት ወሰደ። ንጹሕና ያልተቀላቀለ ባሕል ፍለጋ የሚሄድ ሰው እዚህ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሙገሳዬ ገደብ አለው። የአየርላንድ ወግ ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ጭፈራና ሣቅ፣ እንዲሁም እንግዳን የሚያስነሳ ደስታ አለበት። የጨለማው ድምፅ ከተወደደ በኋላ ሁሉም ወጣት ባንድ ዘፈኑን አዘግይቶ ጉርምርምታ ቢያስገባበት፣ እሱም በተራው ሌላ ቀለም ይሆናል። ላንከም ራሱ አንዳንድ ቦታ ክብደቱን ከዘፈኑ አቅም በላይ ሲጭን ይሰማኛል። ሆኖም በአልበሞቻቸው ውስጥ እፎይ የሚያሰኙ፣ በእርጋታ የሚፈሱ ዜማዎች አሉ፤ ከ«ኒውካስል» የበለጠ ውብ የፍቅር ዘፈን በቅርብ ዓመታት አልሰማሁም።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ይቀራል። የላንከም ታሪክ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝም የሚነገር አሮጌ አሰቃቂ ትረካ ነው። በብዙ ቅጂዎቹ ላንከም ግንበኛ ነው። ለአንድ ጌታ ግንብ ሠርቶለት ዋጋውን ይከለከላል፤ ጌታው ርቆ በሄደ ቀን ሌሊት ወደ ሠራው ቤት ሾልኮ ይገባና ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይገድላል። ዘፈኑ ግንበኛውን አያመጻድቀውም፤ ያልተከፈለውን ክፍያም አይረሳም። ባንዱ ስሙን ከዚህ ዘፈን ወስዶ፣ ከዚያም አንድ ሙሉ አልበም በርእሱ ሰየመ። አልበሙ 12 ክፍሎች አሉት፤ ዘፈኑ ግን ከአንዳቸውም ውስጥ የለም። «ፎልስ ላንከም»ን መስማት የፈለገ ወደ ቦይሉ ቴፕ፣ ወደ ጆን ራይሊ መሄድ አለበት።